ቀልብን ስለ መሰብሰብ

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በደሴ ከተማ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአእምሮ ዕድገታቸው ከብዙዎቹ የተለየ ልጆችን የሚያሳድጉ ወላጆች ጭንቀታቸውን ስለሚያቀልሉበት ዘዴ ነው። ኦቲዝም ያለባቸውን፣ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ያለባቸውን፣ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸውን ልጆች ወላጆች ማለቴ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ባለሙያው ዘዴውን ይናገራል፤ ወላጁ ሰምቶ ይሄዳል፤ ቤቱ ገብቶም ይፈጽመዋል። በተግባር ግን ነገሩ እንዲህ ስላልሆነ፣ ስለ ዘዴው ከመናገሬ በፊት ዘዴው የሚፈተንበትን ስፍራ አብረን እንድንመለከት እለምናችኋለሁ። ስፍራው ጸጥታ የሰፈነበት ክፍል አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ነው።

አንዲት እናት እናስብ። ይህች እናት የአንዲት ሴት ታሪክ አይደለችም፤ በሥራችን ደጋግመን የምናያቸው የብዙዎች ምሳሌ ናት። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው። ገና አይናገርም፤ ኦቲዝም አለበት። የሐኪም ቀጠሮ ስላለው ማለዳ ተነሥታ ከኮምቦልቻ ተሳፍራለች። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ይሁን እንጂ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ሆድ ያናውጣል። ሬዲዮው ጮኾ ተከፍቷል፤ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፤ ከኋላ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ያስጮኻል። ለእኛ ይህ ሁሉ ተራ ድምፅ ነው። ለዚያ ልጅ ግን በጆሮ የሚገባ መርፌ ነው። ስለዚህ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮኻል፤ ራሱን ከመስኮቱ ጋር ያጋጫል። ያን ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንዱ «ምነው እኅቴ፣ ቆጣ ብትይው» ይላል። ሌላዋ «ጠበል አላደረስሽውም?» ትላለች። ሦስተኛው ስማቸው የታወቀ ሼኽ ዘንድ እንድትወስደው ይመክራል። እናቲቱን ላብ ያጠምቃታል፤ ልቧ ይመታል፤ አንድ ጊዜ ልጁን ታቅፈዋለች፣ አንድ ጊዜ ትቆጣዋለች። ልጁም በጩኸቱ ላይ የእናቱ ድንጋጤ ሲጨመርበት ይብስበታል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። በዚያች ሰዓት ለዚያች እናት ምን ልናደርግላት እንችላለን?

ቋንቋችን ለእናቲቱ ሁኔታ የተዘጋጀ ስም አለው። «ቀልቤ ተበተነ» እንላለን። ቀልብ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ልብ ማለት ነው፤ በወሎ ምድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይናገርበታል። ቀልቡ የተበተነበት ሰው አካሉ እዚህ ሆኖ ሳለ ሐሳቡ ከፊሉ ካለፈው ጸጸት ጋር፣ ከፊሉ ከሚመጣው ፍርሃት ጋር ይኖራል። ቀልብን መሰብሰብ ማለት እንግዲህ ሐሳብን አካል ወዳለበት ቦታና ሰዓት መመለስ ማለት ነው። በውጭው ዓለም ብዙ የተጻፈለት የልቡና ልምምድም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጆን ካባት ዚን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ትምህርት ሲጀምሩ፣ ከቡድሃ እምነት የተመስጦ ልማድ የቀሰሙትን ሃይማኖታዊ ሥርዓቱን ትተው ለሕመምተኞች አቀረቡት። ምንጩን መደበቅ አያስፈልግም። የምንወስደው እምነቱን ሳይሆን ልምምዱን መሆኑን በግልጽ ብንናገር ወላጆች ያምኑናል። ብንደብቅ ግን ነገ ከሌላ ሰው ሲሰሙት ተታለልን ይላሉ።

ልምምዱ ለእነዚህ ወላጆች ይጠቅማልን? እ.ኤ.አ. በ2006 ኒርባይ ሲንግና ባልደረቦቻቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላሏቸው ሦስት እናቶች ይህንኑ ልምምድ አስተማሩ። ለልጆቹ በቀጥታ የተሰጠ አንዳችም ትምህርት አልነበረም። ቢሆንም ልጆቹ ሌላውን መምታታቸውና ራሳቸውን መጉዳታቸው እየቀነሰ ሄደ። ሦስት እናቶች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ትልቅ ድምዳሜ አንጥልበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ኤሊዛቤት ዳይከንስና ባልደረቦቻቸው አካል ጉዳት ወይም የዕድገት መዛባት ያለባቸው ልጆች ባሏቸው 243 እናቶች ላይ ያደረጉት ሰፊ ጥናት ታተመ። ትምህርቱ ሲጀመር ከእነዚህ እናቶች 85 በመቶው ከፍተኛ ጭንቀት ነበረባቸው፤ 48 በመቶው ደግሞ በድብርት ሕመም ተይዘው ነበር። ልምምዱን የወሰዱት እናቶች በጭንቀታቸውም፣ በድብርታቸውም፣ በእንቅልፋቸውም መሻሻልን አሳዩ። ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የአስተማሪዎቹን ማንነት ነው። ያስተማሯቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ እነርሱን የመሰሉ፣ እንደ እነርሱ ያለ ልጅ የሚያሳድጉና ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ እናቶች ነበሩ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ከዘዴው በፊት ግን አንድ ሸክም መውረድ አለበት፤ ይኸውም ጥፋተኝነት ነው። በሚኒባሱ ውስጥ የተሰነዘሩት ምክሮች ሁሉ በውስጣቸው አንድ ክስ ተሸክመዋል፤ «አንቺ ያደረግሽው ወይም ያላደረግሽው ነገር አለ» የሚል ክስ ነው። ይህን ክስ ያልተማረ ሰው ብቻ ያመጣው አይምሰለን። የእኛው ሙያ ከማንም በላይ ተናግሮታል። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን በጽሑፍ ካስተዋወቁ በኋላ፣ የልጁ መዘጋት የእናቱ ፍቅር መቀዝቀዝ ያመጣው ነው የሚል አስተሳሰብ በምዕራቡ ዓለም ተስፋፋ። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት መጽሐፍ ይህንኑ አስተሳሰብ አጸኑት። በርናርድ ሪምላንድ የተባሉት የሥነ ልቡና ምሁር፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበሩና፣ አስቀድመው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ተቃውመውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በመንትያ ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት ደግሞ የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳየ። በዚህ መካከል ግን ስንት እናት በሐኪም ቃል ተኰንና ኖረች! እርግማን ነው የሚለው ጎረቤትና የፍቅር ማነስ ነው ያለው ምሁር በአንድ ሚዛን ቢቀመጡ፣ ጉዳቱ የሚብሰው የምሁሩ ነው፤ እናቲቱ የመጣችው ከጎረቤት ቃል ልታርፍ ነበርና።

በአገራችንም የሸክሙ ክብደት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች ውስጥ የዕድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። 26.7 በመቶው ነገሩን ከሰው ለመሰወር ይጥሩ ነበር። ምን እንዳጽናናቸው ሲጠየቁ ግን፣ 86.3 በመቶው ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር፣ 85.3 በመቶው ከቤተ ሰብ ጋር መነጋገር፣ 76.5 በመቶው የወዳጅ ድጋፍ፣ 57.8 በመቶው ደግሞ ጸሎት ብለው መለሱ። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት በአፋችን ላይ ነው። አንዲት እናት ወደ ክፍላችን በገባችበት በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ወረቀት ከመጻፋችን አስቀድሞ፣ «ይህ በእርስዎ ጥፋት አልመጣም» ብለን በግልጽ ልንነግራት ይገባል። ይህን ሳንናገር ትንፋሽ እናስተምርሽ ብንላት፣ ታስሮ የቆመን ሰው ረጋ ብለህ ተራመድ እንደ ማለት ይሆናል።

አሁን ወደ ሚኒባሱ እንመለስና ዘዴዎቹን በየተራ እንመልከት።

አንደኛው እግርን ማሳረፍ ነው። እናቲቱ ሁለቱን እግሮቿን በሚኒባሱ ወለል ላይ አጥብቃ ታኖራለች፤ ወለሉን በጫማዋ በኩል ታዳምጣለች፤ ጀርባዋ ወንበሩን የነካበትን ቦታ ልብ ትላለች። ዐይኗን አትጨፍንም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ ገደማ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙው ቤተ ሰብ ልጁን አዝሎ ተሰዷል። ያን ጊዜ ያየ ሰው ዐይኑን ሲጨፍን የሚመጣበት ዕረፍት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የምናስተምረው ልምምድ ዐይን ተገልጦ፣ እግር መሬት ይዞ የሚፈጸም መሆን አለበት። ሐሳቡ የሚያስጨንቀው ሰው ቢኖርም ልምምዱን እንዲያቆም ልንፈቅድለት ይገባል።

ሁለተኛው ትንፋሽን ማስረዘም ነው። አራት እስኪቆጠር አየር ማስገባት፣ ስድስት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ይህንንም አምስት ጊዜ መደጋገም ነው። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። አየር ስናስገባ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። መውጫው ሲረዝም ሰውነት አደጋው አልፏል የሚል መልእክት ይደርሰዋል። አምስቱ ትንፋሽ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ልጁን ታቅፋም ልትፈጽመው ትችላለች፤ ጆሮውን ደረቷ ላይ ያሳረፈ ልጅም የትንፋሿን መርጋት በአካሉ ይሰማዋል።

ሦስተኛው ለስሜት ስም መስጠት ነው። በዚህ ረገድ አማርኛችን ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መሣሪያ አስታጥቆናል። «ንዴት መጣብኝ»፣ «ሐፍረት ያዘኝ»፣ «ድካም ተጫነኝ» እንላለን። ንዴቱ እኔን አይደለም፤ መጥቶብኝ ነው። የመጣ ነገር ደግሞ ይሄዳል። ወላጁ «እኔ መጥፎ እናት ነኝ» ከማለት ይልቅ «መጥፎ እናት ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ብሎ መናገርን ቢለማመድ፣ በሐሳቡና በራሱ መካከል አንድ እርምጃ ያህል ቦታ ያገኛል። ከእጅ መሰንዘር የሚያድነውም ያ አንድ እርምጃ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ተመልከቱ። ቀልቧ የተበተነባት እናት የምታየው የተሳፋሪውን ፊት ነው። ቀልቧ የተሰበሰበላት እናት ግን የምታየው ሬዲዮውን ነው። ልጇን ያሳመመው ድምፁ መሆኑን ታስተውላለች፤ «ወንድሜ፣ ሬዲዮውን ዝቅ አድርግልኝ» ትላለች፤ ነጠላዋን በልጁ ጆሮ ላይ ትደርባለች። የልምምዱ ፍሬ እንግዲህ እናቲቱ ጸጥ ማለቷ ብቻ አይደለም፤ ልጁን የሚያውከውን ነገር ማየት መቻሏ ነው።

ለቤት የሚሆን አራተኛ ልምምድም አለ፤ ያለ ትእዛዝ ማየት ነው። ልጁ ደጃፍ ላይ ቆርኪ በረድፍ ሲደረድር፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል «ተው» ወይም «እንዲህ አድርግ» ሳይሉ አጠገቡ ተቀምጦ መመልከት ነው። የትኛውን ያስቀድማል? መቼ ፈገግ ይላል? ብዙ ወላጅ ልጁን ሲያርም እንጂ ሲያየው አልኖረም። ለአባቶች ደግሞ ከደጃፍ ላይ ቆም ማለትን እመክራለሁ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በአንዱ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የሚመለስ አባት፣ እጁን በሩ ላይ አኑሮ ሦስት ረዣዥም ትንፋሽ ሳይተነፍስ ባይገባ፣ የፋብሪካውን ድካም ከውጭ ትቶ ለመግባት ይረዳዋል።

ይህ ልምምድ በጸሎት ቦታ እንደማይተካም መናገር ይገባል። ጸሎት ወደ ፈጣሪ የሚቀርብ ነው፤ ልምምዱ የራስን ሁኔታ ማስተዋል ነው። ሰው መቁጠሪያውን ወይም ተስቢሑን ይዞ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም ለውዱእ ውሃው እጁን ሲነካው፣ ቀልቡን ቢሰበስብ ለጸሎቱም አይጎዳውም። ጠበል ወይም ዱዓ የሚሄደውንም ወላጅ አንንቀፈው፤ ክትትሉን እንዳያቋርጥ ብቻ እንምከረው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ይህ ልምምድ የድብርት ሕመም ሕክምና ምትክ እንዳይሆን ነው። አንዲት እናት ከሁለት ሳምንት በላይ ኀዘን ሳይለቃት ቢሰነብት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ቢጠፋባት፣ የሞት ሐሳብ ቢመጣባት፣ ትንፋሽ ቁጠሪ ብለን አንሸኛት፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ልትደርስ ይገባል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ለእኛው ነው። አስቀድሜ በጠቀስኩት ጥናት ወላጆቹ ያልተሟላላቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ 74.5 በመቶው ለልጃቸው ትምህርት ብለው ነበር። ትምህርት ቤት የጠየቀችንን እናት «ረጋ በይ» ብለን ከመለስናት፣ ዘዴያችን ማደንዘዣ ይሆናል። ቀልብ የምንሰበስበው ዝም ለማለት አይደለም፤ ጥያቄን አጥርቶ ለመጠየቅም ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን የአገራችን ወላጆች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ለልጃቸው የሚሆን ስፍራ ባጡ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ሲናገሩ ኖሩ። የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች የተመሠረተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና፣ ዘጠኝ የጋራ ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፣ በአገራችን በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። የወላጁን የራሱን ደኅንነት የሚመለከት ክፍልም አለው። ስለዚህ ከባዶ አንጀምርም።

ወሎ ደግሞ የራሱ ሀብት አለው። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ቅሬ ይሰበሰባል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ልዩ ልጅ የሚያሳድግ ቤት ግን የሚሰበሰብለት የለም። ልጁ ኀዘን አይደለም፤ ብቸኝነቱ ግን ኀዘን ነው። ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወላጆች የሚሰበሰቡበት የቡና ሰዓት በደሴም በኮምቦልቻም ይኑር፤ ሁሉም ሐረጎን መውጣት የለበትም። አቦሉ ሲጠጣ ወሬ አይነሣ፤ ሁሉም የሲኒውን ሙቀት፣ የቡናውን ሽታ፣ የራሱን ትንፋሽ ልብ ይበል። ቶናው ላይ እያንዳንዱ በሳምንቱ ውስጥ የከበደችውን አንዲት ሰዓት ይናገር፤ ሌላው ምክር ሳይጨምር ይስማው። በረካው ላይ አንድ ተግባራዊ ጉዳይ ይወሰን፤ ማን ከማን ጋር ወደ ቀጠሮ እንደሚሄድ፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት አቤቱታ እንደሚቀርብ። ስብሰባውን ሠልጥነው የሚመሩት ራሳቸው ወላጆች ይሁኑ። የባለሙያው ድርሻ ማሠልጠን፣ ሕክምና የሚያሻውን ሰው ለይቶ ማወቅና ሲጠሩት መድረስ ነው። ልጆቹን በዚያች ሰዓት ማን ይይዝላቸዋል ለሚለው ጥያቄ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች መካከል ፈቃደኞች ቢገኙ፣ እነርሱም ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይቀስማሉ።

ንግግሬን የምደመድመው በዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሲመክርና ሲፈርድ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘርግተው የእናቲቱን ትከሻ ቢነኩና «አብሽሪ ልጄ» ቢሏት ምን ይሆናል? ምንም አልመከሯትም፤ ምንም አልጠየቋትም። እናቲቱ ግን ትንፋሿ ይመለሳል፤ የእሷ ሲመለስ የልጇም ይመለሳል። የልጅ ቀልብ በእናቱ ቀልብ ይሰበሰባል፤ የእናቲቱ ደግሞ በሌላ ሰው። እኛ ባለሙያዎች የዘዴዎቹን ስምና ቁጥር ከማወቃችን በፊት፣ በየክፍላችን የምትገባውን እናት እንደ እኒያ አሮጊት መቀበልን ብንማር፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።